ተንበርካኪዋ ማኪናና የደባርቁ መሐላ

ዓርብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዘዞ

ዓርብ ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተነሥቼ ጎንደር የሄድኩት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሊማሊሞ ላይ ተጋጭታ የቆመች የአንዲት አሮጌ የጃፓን የስፖርት መኪና ፍሬን ለመመርመር ነው። ለጉብኝት አልሄድኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ጎንደር ደርሰሽ ግንቡን ሳታዪ ተመለስሽ?» እያሉ የሚያደርቁኝ ስለበዙ ነው። ግንቡን ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ቆሟል።

ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የአውቶ መካኒክ መምህርት ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። የጠራኝ የቀድሞ ተማሪዬ ጌታሁን ነው፤ አዘዞ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለው። በስልክ የነገረኝ ይህ ነው። የሚስቱ አባት መሪጌታ ልሳነወርቅ ደባርቅ ይኖራሉ። የመኪናቸውን የፍሬን ቱቦ ጌታሁን ከቀየረላቸው ከአራት ቀን በኋላ ሊማሊሞን ሲወርዱ መኪናዋ አልቆም አለቻቸው። ወደ ገደሉ እንዳይሄዱ መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዘው ከድንጋዩ ጋር ተላተሙ፤ እግራቸውም ተሰበረ። «ጌታሁን የቱቦውን ብሎን ሳያጠብቅ ሰጥቶኝ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ከልክለውታል። አሁን ሽማግሌ ገብቶ ውሳኔ ተሰጥቷል፤ ጌታሁን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ «አጥብቄአለሁ» ብሎ ይማል፣ ከማለ ነገሩ ይለቅ ተባለ።

«ታዲያ ማልና ተገላገል» አልኩት።

«እትዬ፣ አላስታውሰውማ» አለኝ። «ሁልጊዜ አጠብቃለሁ። ያን ቀን ግን ስለማጥበቄ እርግጠኛ አይደለሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስበው ከረምኩ፤ እጄ ላይ ቁልፉን አያለሁ፣ ብሎኑን ሲይዝ ግን አይታየኝም። እርግጠኛ ባልሆንኩበት ነገር በእግዚአብሔር ስም እንዴት እምላለሁ?»

እኔም እውነቱን ልጻፍ። ጌታሁን ጎበዝ ነበር፤ ግን ዝንጉ። ሁለተኛ ዓመት ላይ በተግባር ፈተና የጎማ ብሎን አንዱን ሳያጠብቅ «ጨርሻለሁ» ስላለኝ ጥዬዋለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው እሱን ነበር። ብሎኑን ላልቶ ሳገኘው ለሚስቱ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ቃል ስመርጥ ነው ጎንደር የደረስኩት።

አዘዞ ላይ ተቀበለኝ። ከስቷል። ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ተጋቢኖ በሁለት መቶ ብር በላን፤ በርበሬው በዝቶ ነበር፣ እኔ ግን አልጠላሁትም። ጋራዡ ውስጥ ያለችው አንዲት ጎማ የሌላት ፒክአፕ ብቻ ናት። ደምበኞቹ የት እንደሄዱ ስጠይቀው ሳቅ ብሎ «የአማቱን ፍሬን ያላላ መካኒክ ጋ ማን ማኪናውን ይሰጣል?» አለኝ። ሚስቱ ስንዱም ከሁለት ዓመት ወዲህ ከባሏ ጎን ቆማ ወደ አባቷ ቤት መሄድ ትታለች። ብሎኑን ብቻ ለማየት የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ግን የመጣሁበት ነገር ከበደኝ።

ቅዳሜ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ነበርን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሒሳቡ ለሰው አራት መቶ ብር ነው፤ ለመሣሪያ ሣጥኔ ደግሞ ረዳቱ መቶ ብር ጨመረብኝ። «ብረት ነው፣ ይከብዳል» አለ። ልክ ነው፣ ይከብዳል።

ከከተማው እንደወጣን መንገዱ ሽቅብ ነው። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ እጅጌ ውስጥ ገባ። ገብሱ ግማሹ ታጭዷል፣ ባቄላው ጠቁሯል። ሁለት ቦታ ፍተሻ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ሣጥኔን የከፈተው ፈታሽ ቁልፎቹን አይቶ «የማን ነው?» አለ፤ «የእኔ» ስለው ወደ ጌታሁን ዞሮ እንደገና ጠየቀ። ለምጄዋለሁ።

ለአሮጌ የስፖርት መኪና እንደምንሄድ ሾፌሩ ሲሰማ ወሬው ሁሉ ወደሷ ዞረ። ዳባትና ደባርቅ የማያውቃት የለም። መሬት ለመሬት ስለምትሄድና የሚገባባት ሁሉ ስለሚጎነበስ «ተንበርካኪዋ» ይሏታል። የመሪጌታ ታናሽ ወንድም ጎንደር ነጋዴ ነበሩ፤ ከአንድ የውጭ አገር የመንገድ መሐንዲስ ገዝተዋት ሲሞቱ ለመሪጌታ ቀረች። የፋብሪካዋን ስም አልጽፍም፤ አሻሻጭ እንዳልመስል።

«እሷ ማኪና እኮ የእሽቅድምድም ናት» አለ ሾፌሩ። «ሁለት መቶ ካልነዱላት ትታመማለች።»

«ሐኪሟ ማን ነው?» አልኩት። ከኋላ ያሉት ሳቁ።

ነጭ ሽንኩርት ይዘው ወደ ደባርቅ የሚሄዱ ሴት «ቤንዚን እንደ ውኃ ነው የምትጨልጥ ይላሉ» አሉ። ከዳባት የተሳፈሩ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ደግሞ በጣም እርግጠኛ ሆነው «ቁልቁለት ካየች አትያዝም። ሞተሯ ነው የሚያስፈነጥራት። ላያዋ ሸጋ ናት፤ ሰው ግን ትጨርሳለች» አሉን።

እዚህ ላይ መምህርነቴ ተነሣብኝ። በዚያ ዘመን ከጃፓን ከወጡት ባለሁለት በር የስፖርት መኪኖች ብዙዎቹ ትንሽ ሞተር ያላቸው እንደሆኑ፣ የሷ ጉልበት አሁን ከተሳፈርንበት ሚኒባስ እንደማይበልጥ፣ የደባርቅ አየር ስስ ስለሆነ ካላት ላይ ሩብ ያህሉን እዚያው እንደምታጣ ነገርኳቸው። ክብደቷ ቀላል ስለሆነ ከፒክአፕ ያነሰ እንደምትጠጣም ነገርኳቸው። መለዋወጫ የላትም የሚባለውም ወሬ ነው፤ የፍሬኗ ዕቃ ከዚያው ፋብሪካ ከወጣች ተራ የቤት መኪና ጋር አንድ ስለሆነ ጌታሁን ቱቦውን የገዛው ጎንደር ከሚገኝ ሱቅ ነው። ረጅሙን አፍንጫዋንና ዝቅ ያለ ጣሪያዋን አይተው ሁሉም የሚበር ነገር ይመስላቸዋል። ሾፌሩ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና «እንግዲህ እኔ የሚባለውን ነው ያልኩት» አለ። ሽማግሌው ግን አላመኑኝም፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።



ቅዳሜ፣ ደባርቅ

አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ፈንታ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁን ነበር፤ አጠር ያሉ፣ ከዘራቸውን ከመሬት የማያነሡ ሰው ናቸው። ጌታሁን ወደ መሪጌታ ግቢ መግባት ስለማይችል ከአጥሩ ውጭ ካለች ሻይ ቤት ተቀመጠ። እኔና አያ ፈንታ ገባን።

መሪጌታ ልሳነወርቅ ቁመተ ረጅም፣ ጥምጥማቸው ያማረ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የሚቆሙ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ታጥፎ እዚያች መኪና ውስጥ እንደሚገባ አሰብኩና ሳቄን ዋጥኩ።

«ደኅና መጡ፣ መምህርት» አሉኝ። «ምነው፣ ለቆርቆሮ ብለው ከሸዋ ድረስ?»

«ቆርቆሮም ቢሆን ይመረመራል፣ መሪጌታ።»

«ይመርመራ። እግሬ እንኳ ድኗል። ግን ማሕሌት መቆም አልችልም። ሠላሳ ዓመት ስመራው የኖርኩትን ወረብ አሁን ከግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነው የምሰማው። ይህን ያደረገብኝ ሰው አንድ ቀን እንኳ ‹ስቻለሁ› አላለኝም።»

መኪናዋ ከቤቱ ጓሮ ዳስ ሥር ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ቀይ ነበረች። የፊት ቀኟ ተጨፍልቋል፤ ሌላው አካሏ ደኅና ነው። ቆርቆሮ ናት ለሚሉ ሁሉ፣ ባለቤቷ በሕይወት ቆመው ነው የሚያነጋግሩኝ። ከሾፌሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

«ከተጋጨች ወዲህ ቁልፍ ያሳረፈባት ሰው አለ?» ብዬ አያ ፈንታን ጠየቅኋቸው።

«ያስጎተትኳት እኔ ነኝ። ከዶሮዋ በቀር የነካት የለም።»

ኮፈኑን በግድ ከፈትኩት። መጀመሪያ ያየሁት የፍሬን ዘይቱን ነው። ብሎኑ ላልቶ ቢሆን ዘይቱ በዚያ በኩል ፈስሶ መያዣው ባዶ መሆን ነበረበት። ዘይቱ ጠቁሯል፤ ግን ከመስመሩ አልወረደም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከላይ እስከ መስመሩ ሞልቶ ቆይቷል። እዚያው ቆሜ አፈርኩ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ ከፍ አድርጌ ከሥር ተኛሁና ጌታሁን የሠራውን ብሎን በቁልፍ ያዝኩት። ዝገት ይዞታል፣ ንቅንቅም አላለም። ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት፤ ክብደቴ ደግሞ ቀላል አይደለም። አልተነቃነቀም።

«ጠብቋል» አልኩ ከሥር ሆኜ። «አያ ፈንታ፣ ይምጡ፣ በእጅዎ ይሞክሩት።»

ሞከሩት። ከዘራቸውን እዚያው ጥለው ለጌታሁን ሊነግሩት ወደ ሻይ ቤቷ ሮጡ። እኔና መሪጌታ ብቻችንን ቀረን።

እሳቸው አልሮጡም። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ፤ ፍሬኑ ደኅና ከሆነ ለምን እንዳልያዘ ገና አልታወቀምና። ጎማውን ፈታሁ። ጎማውን ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። ይህ የሚሆነው ፍሬኑ ያለ እረፍት ሲረገጥ ነው። ይህን ያህል ቀላል መኪና፣ በዝግታ ስትወርድ፣ ሸራዋን እንዲህ የምታቃጥልበት ምክንያት አልታየኝም። እውነት ለመናገር ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ፤ መሪጌታ ፍጥነት ቀምሰው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«መሪጌታ፣ ስንት ይነዱ ነበር?»

«ሰው በእግሩ ከሚሄደው ብዙም አልፈጥን።»

«ፔዳሉን ሲረግጡት ወደ ታች ሰጠመ ወይስ ደረቀ?»

«ደረቀ እንጂ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ እሺ አለችኝ። ከዚያ ድንጋይ የመርገጥ ያህል ሆነ።»

ከምርመራው ሁሉ ይህ ቃል በለጠ። ፍሬን ሲያፈስ ፔዳል ይሰጥማል። የሚደርቅበት ምክንያት ሌላ ነው።

«ሞተሩ ይሠራ ነበር?»

«ምን ነካዎት!» አሉኝ፣ መቋሚያቸውን መሬት መታ አድርገው። «የስፖርት ማኪና አይደለች? በሊማሊሞ ቁልቁለት እሷን ሞተሯን አስነሥቶ መልቀቅ ራስን መግደል ነው። ሁሉም ያውቀዋል። በሷ ወርጄው አላውቅም ነበርና ተጠነቀቅሁ። ለተዝካር ወደ ዛሪማ ስሄድ፣ አፋፉ ላይ አቁሜ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁት። እንዳትጋልብብኝ፣ በራሷ ክብደት ቀስ ብላ ትውረድ ብዬ። እኔ እንደ ጎረምሳ አልነዳም፣ መምህርት።»

ፎሌ ማለት ማርሹ የትም ሳይገባ፣ ጎማው ከሞተሩ ተለይቶ እንዲሁ ሲንከባለል ነው። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት ነው። ለሁለት ዓመት ማንም ስላልጠየቃቸው አልተናገሩትም፤ እሳቸውም ጥንቃቄያቸው ስለሆነ ጉዳይ ነው ብለው አላነሡትም።

እጄን በጨርቅ ጠረግሁና አጠገባቸው ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። ለሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩትን ነገር እንደዚያ ቀን መናገር ከብዶኝ አያውቅም።

«መሪጌታ፣ ፔዳሉን የሚያቀልልዎት መሣሪያ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የቀረችው ጉልበት ለሁለት ሦስት እርግጫ ብቻ ትበቃለች፤ ከዚያ ይደርቃል። ማርሽ ውስጥ ገብታ ሞተሩ ቢሠራ ኖሮ ደግሞ እሱ ራሱ ወደ ኋላ ይይዛት ነበር፤ ሸራውም ባልተቃጠለ። ሌላው መኪና ሁሉ እንዲህ ነው፤ እሷም እንደዚያው ናት።»

ዶሮዋ ከወንበሩ ወርዳ በእግራቸው መሐል አለፈች።

«ሌላ ማን ሰማ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እኔና እርስዎ።»

«ነገ ግን ጌታሁን ይምላል።»

«ይምላል። ብሎኑ ጠብቆ ስለተገኘ በሐሰት አይምልም።»

«በሐሰት አይምልም» አሉ ቃሌን ደግመው። እያነከሱ ወደ ቤት ገቡ፣ በሩንም ዘጉት።

ጌታሁን ሻይ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አገኘሁት። ስለ ብሎኑ እንጂ ስለ ሞተሩ አልነገርኩትም። ነገሩን መናገር ያለባቸው እሳቸው ናቸው ብዬ ነው። ልክ መሥራቴን አላውቅም፤ ነገ ዝም ቢሉ እኔ ምን እንደማደርግም አልወሰንኩም ነበር። ስምንት መቶ ብር በተከፈለባት የሆቴል ክፍል ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ፤ ሦስተኛ ስጠይቅ «አልቋል» አሉኝ።

እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ

ቅዳሴ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ከግቢው በር አጠገብ ጥድ ሥር ተሰበሰቡ። ጌታሁን ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቆመ። ስንዱ በማለዳ ከጎንደር መጥታ ከሴቶቹ ጋር ነበረች። መሪጌታ አልነበሩም። ከቅዳሴም ቀርተዋል። «ብሎኑ ጠብቆ ሲገኝ አፍረው ነው» ያለ ነበር። አያ ፈንታ ግማሽ ሰዓት ካስጠበቁ በኋላ «እንግዲህ ባይኖሩም ይማል» አሉ። ጌታሁን ወደ በሩ ሄደ።

ያኔ ሴቶቹ ወደ መንገዱ ዞሩ። መሪጌታ ልሳነወርቅ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘው፣ በሌላው ትከሻቸው ላይ የተጫነ ድንጋይ ደግፈው እየመጡ ነው። የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ነው። ያ የተሰበረው እግራቸው በእያንዳንዱ እርምጃ ይጎተታል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሲጠይቅ ያላየ እዚያ አልነበረም፤ አማት ለልጁ ባል፣ መሪጌታ ለመካኒክ ሲሸከም ግን ያየ ያለ አልመሰለኝም።

«ምነው መሪጌታ!» አሉ አያ ፈንታ። «ተበዳዩ እርስዎ አይደሉም?»

አልመለሱላቸውም። ጌታሁን ፊት ሄደው ቆሙ።

«አትማል፣ ልጄ። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩን ያቆምኩት እኔ ነኝ። እንዳትጋልብ ብዬ። ፍሬኗ የደረቀው በዚያ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሰት ከስሼሃለሁ። አፉ በለኝ።»

ሊንበረከኩ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ጌታሁን ተወርውሮ ድንጋዩን ከትከሻቸው ተቀበለና እግራቸው ላይ ወደቀ። «አፉ፣ አባቴ፣ አፉ» ሲል ይሰማኛል። ስንዱ ከሴቶቹ መሐል ሮጣ መጥታ ሁለቱንም አቀፈች። እኔም አለቀስኩ፤ የጫማዬን ማሰሪያ ለማስተካከል ያጎነበስኩ መስዬ።

ምሳ መሪጌታ ቤት በላን። በግ ታርዶ ነበር። መሪጌታ ራሳቸው ለጌታሁን አጎረሱት። እሱ እንደበላ እጁን ታጥቦ ወደ ጓሮ ሄደና ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ጀመረ። መሪጌታ ከኋላው ቆመው፣ ቁልቁለት ስንተኛ ማርሽ እንደሚፈልግ ሲጠይቁት ሰማሁ። «ሽቅብ በወጡበት ማርሽ ይውረዱት» አላቸው። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ መመለሻ

ሰኞ በሚኒባስ ወደ ጎንደር፣ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የሣጥኔ ሒሳብ ስመለስም መቶ ብር ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ የገዛሁት ገብስ ቆሎ እስከ ቤቴ አልደረሰም።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልጻፍ ካልኩ እንዲህ ነው። ስለነዚያ አሮጌ የስፖርት መኪኖች የሚወራውን ሁሉ ከሚኒባሱ ወንበር ላይ ሆኜ በቀላሉ አስተባብያለሁ። ግን መሪጌታን የሰበራቸው ፍጥነት አይደለም፤ የሰበራቸው ወሬው ራሱ ነው፤ እሱን ሰምተው ተጠንቅቀው ነው የተሰበሩት። እኔም ብሆን ወሬ ይዤ ነው የሄድኩት፤ መጀመሪያ ስለ ጌታሁን፣ ቀጥሎ ስለ መሪጌታ ፍጥነት። ሁለቱም ውሸት ሆነው አገኘኋቸው።

ይህ ስለከነከነኝ ማክሰኞ ጠዋት ለጌታሁን ደወልኩለት።

«ጌታሁን፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አልኩት። «የመጣሁት ብሎኑን ላልቶ አገኘዋለሁ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።»

ከኋላው የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሥራ ገብቶለታል።

«አውቄዋለሁ እኮ እትዬ» አለኝ። «አዘዞ ላይ ገና ሲያዩኝ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ሌላ ሰው ሞልቶ ለምን እኔን ጠራኸኝ?»

«ላልቶ ቢሆን ኖሮ የማይደብቁልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»